እግሬ ይሰማኛል፤ እግሬ አይሰማኝም

ጉዟችን የታሪክ ጥናት አልነበረም። ከመካከላችን የአንዱ ቤተሰብ ማንኩሽ ይኖራል። ዕረፍት ሲሆን «ኑ፣ ቆላን እዩ» ብሎ ጎተተንና በቻግኒ፣ በግልገል በለስና በማንቡክ በኩል አድርገን ወረድን። ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ያልሰማ እንኳ የጎረቤቷን ስም ሰምቷል፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። እኛም እንደ ማንኛውም እንግዳ ስለ ግድቡ፣ ስለ ምሰሶውና ስለ ሽቦው እያወራን ሰነበትን።

ገበያ ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ጫማ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የአንዳችን ጫማ አፉን ከፍቶ ስለ ነበር ቁጭ አልን። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ወስፌው ይወጣል ይገባል፣ ክሩ ይጠብቃል። ሥራቸውን ጨርሰው ሊነሡ ሲሉ ግን ከጎናቸው ሁለት ዱላ አነሡ። እግሮቻቸው እንደ ግንድ ደርቀዋል፤ ጉልበታቸው ከጉልበታቸው ይጋጫል፤ ተረከዛቸው መሬት አይነካም። በጣቶቻቸው ጫፍ፣ እግር ከእግር እየተጠላለፈ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

ከእኛ አንዱ የሕክምና ተማሪ ነው። ዝም ማለት አልቻለም። «አባባ፣ እግርዎ ደንዝዟል? ሲነኩት አይሰማዎትም?» አላቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «አይ ልጄ! እግሬማ ይሰማኛል። ጉንዳን ቢወጣበት አውቃለሁ። እሱ ነው እንጂ እኔን የማይሰማኝ። እግሬ ይሰማኛል፤ እግሬ አይሰማኝም፤ ነገሩ ይኼው ነው።»

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስንል ነው። የመጀመሪያውን «ይሰማኛል» «ሰ»ን አጥብቆ ማንበብ ነው፤ ሕመሙ፣ ሙቀቱ፣ የጉንዳኑ እግር ይታወቀኛል ማለት ነው። ሁለተኛውን «አይሰማኝም» አላልቶ ማንበብ ነው፤ ብጠራው አይመጣም፣ ባዘው አይታዘዝም ማለት ነው። በእኛ ፊደል ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለ በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉ። በሽማግሌው አካል ውስጥ ግን ሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች ናቸው። አንዱ ከእግር ወደ አንጎል የሚወጣ፣ ሌላው ከአንጎል ወደ እግር የሚወርድ። የወጪው መንገድ ደኅና ነው፤ የወራጁ ተቆርጧል።

የሰው ልጅ ይህን ለማወቅ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እኚህ ሰው ግን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት።

የተወለዱት በፎገራ ሜዳ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ጎበዝ ነበሩ። እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ቀረ፤ ቆሎውንም ንፍሮውንም እሱኑ በሉ። አንድ ቀን ሲሠሩ ውለው ተኙ፤ ሲነጋ እግራቸው ከብዶ አገኙት። ዘመድ «ጓያው ውስጥ ተኝቶ ነው» አለ፤ ጎረቤት «እንፋሎቱ መትቶት ነው» አለ፤ «እርግማን ነው» ያለም አልጠፋ። ልጃቸው አድጎ ለንግድ ወደ ቆላ ሲወርድ አብረው ወረዱ። ታሪካቸው ይኸው ነው። የእኛ ሥራ ከእሳቸው ታሪክ በስተጀርባ ያለውን ረጅሙን ታሪክ መናገር ነው።

እንግዲህ ከወንዙ እንጀምር። በጉባ በኩል የሚወርደው ዓባይ የሚደርሰው ግብፅ ነው፤ ስለ አንጎል የተጻፈ ነገር ከሁሉ ቀድሞ የተገኘውም እዚያው ነው። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ሉክሶር ላይ የገዛው ፓፒረስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ የቁስል ሐኪም መጽሐፍ ነው። 48 ሕሙማን ተራ በተራ ይቀርቡበታል። ከእነሱ አንዱ የአንገቱ አከርካሪ የተናጋበት ሰው ነው። ሐኪሙ ይህ ሰው ክንዶቹንና እግሮቹን እንደማያውቃቸው ይጽፋል፤ የሚታከም ሕመም እንዳልሆነም ይፈርዳል። አንገት ላይ የደረሰ ጉዳት እግርን እንደሚገድል ተመልክቷል ማለት ነው። ምክንያቱን ግን አላወቀም። እነዚያው ግብፃውያን ሬሳ ሲያደርቁ ልብን በክብር አስቀምጠው አንጎልን በአፍንጫ እየጎተቱ ይጥሉት ነበር።

በዚህ አንሣቅባቸው። የእኛስ ቋንቋ አሳብን የሚያኖረው የት ነው? «ልብ በል» እንላለን እንጂ «አንጎል በል» አንልም። ያደገ ልጅ «ልብ ገዛ» ይባላል፤ ደንታ የሌለው «ልበ ቢስ» ነው። በዚህች መጽሔታችን በየጊዜው የምናወጣው ድርሰት እንኳ ስሙ «ልብ ወለድ» ነው። አርስጣጣሊስም ከእኛ ጋር ነበር፤ አሳብና ስሜት የልብ ነው፣ አንጎል ደም ማቀዝቀዣ ነው ይል ነበር። ነገሩን ያናጋው በሁለተኛው ምዕት ዓመት ሮም ውስጥ የሠራው ጋሌን ነው። በሕዝብ ፊት የሚጮኽ አሳማ አስሮ ወደ ጉሮሮው የሚሄደውን ቀጭን ነርቭ ቆረጠ። አሳማው መወራጨቱን ሳይተው ድምፁ ብቻ ጠፋ። ድምፅ ከልብ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ልብ ሳይነካ እንዴት ይጠፋል?

«ነርቭ» የሚለው ቃልም የራሱ ታሪክ አለው። መነሻው የላቲን ሲሆን የቀድሞ ትርጉሙ ጅማት ነው። የጥንት ሰው ሥጋ ሲበልት ያገኘውን ነጭ ገመድ ሁሉ፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም መልእክት የሚያመላልሰውንም፣ በአንድ ስም ጠራው። አገራችንም ብዙ ሰው ዛሬም ሁለቱንም ጅማት ይላል። ጅማት ግን የሚስብ ገመድ ነው፤ ነርቭ የሚናገር ገመድ ነው።

አሁን ዕቃውን እንየው። አንጎል በጎልማሳ ሰው ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንበላው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ለብቻው ይወስዳል። (ምሳ ያልበላ ተማሪ ትምህርት የማይገባው ያለ ምክንያት አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ቆጠራ መሠረት በውስጡ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ከሥሩ የአንጎል ግንድ አለ፤ ከግንዱ ቀጥሎ ኅብለ ሰረሰር በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ይወርዳል። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ እንደ ትንሽ ጣት ነው። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከኅብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው እስከ ቆዳና እስከ ጡንቻ ይዘረጋሉ።

እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ሦስት ነገር አለው። ወሬ የሚቀበሉ ብዙ ቅርንጫፎች፣ የሕዋሱ ገላ፣ ወሬውን የሚያሻግር አንድ ረጅም ክር። እግራችንን ለማንሣት ስናስብ ነገሩ የሚጀምረው ከአንጎል አናት፣ ከመካከለኛው ስንጥቅ አጠገብ ነው። እዚያ ያለው ትልቅ ሕዋስ ክሩን ወደ ታች ይልካል። ክሩ በአንጎል ግንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል፤ ስለዚህ ቀኝ አንጎል ግራ እግርን ያዛል። ከዚያም ኅብለ ሰረሰርን ተከትሎ ወገብ አካባቢ ይደርስና መልእክቱን ለሁለተኛ ሕዋስ ያስረክባል፤ ሁለተኛው ሕዋስ ጡንቻውን ያዛል። እንግዲህ የወራጁ መንገድ ሁለት መልእክተኞች ብቻ አሉት። ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሌላ ነው። ከእግር ጣት ተነሥቶ እስከ አንጎል ግንድ የሚደርሰው የመዳሰስ ክር አንድ ነጠላ ክር ነው፤ በረጅም ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሊሆን ይችላል።

ክሩ የሚሸከመው ምንድን ነው? አማርኛ መልሱን በግማሽ ያወቀው ይመስላል። ሽቦ የነካ ሰው «ኤሌክትሪክ ነዘረው» እንላለን፤ ክርናችን ጠረጴዛ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ «ነዘረኝ» እንላለን። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 ያሳተመው ሥራ ይህንኑ ነበር፤ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ተነክታ ስትፈራገጥ አይቶ፣ እንስሳ ራሱ በውስጡ ኤሌክትሪክ አለው አለ። ሰው ሁሉ ታዲያ ነርቭ ሽቦ ነው፣ መልእክቱም እንደ መብረቅ ይፈጥናል ብሎ ተቀመጠ። ዝነኛው ዮሐንስ ሙለር ፍጥነቱን መለካት አይቻልም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 የራሱ ተማሪ ሄልምሆልትዝ በእንቁራሪት ነርቭ ለካው፤ በሴኮንድ 27 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። መብረቅ የተባለው ነገር ከፈጣን ፈረስ ብዙም የማይበልጥ ሆነ!

የጉባውን ሽቦ ከነርቭ ጋር እናስተያየው። ከግድቡ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የተዘረጋው መስመር 500,000 ቮልት ይሸከማል፤ ርዝመቱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኃይሉ ጉባ ላይ ሲነሣ ሆለታ የሚደርሰው ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ነው። የነርቭ ክር በሴኮንድ 100 ሜትር እየሄደ፣ ይህም ለነርቭ በጣም ፈጣን ነው፣ ያንኑ መንገድ ቢጓዝ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቮልቱንም እንይ። አንድ የነርቭ ሕዋስ ሲያርፍ በውስጡና በውጭው መካከል ያለው ልዩነት 70 ሚሊ ቮልት ያህል ነው፤ የአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሃያኛ እጅ እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱ የሚመጣው ሥራው ስለሚለያይ ነው። ሽቦ ውስጥ ኃይሉ ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ ይሄዳል፤ እየሄደም ይደክማል። ነርቭ ውስጥ መልእክቱ በየእርምጃው እንደ አዲስ ይሠራል። ይህን በትክክል ያሳዩት እንግሊዛውያኑ ሆጅኪንና ሀክስሊ ናቸው። አንድ የባሕር እንስሳ አለ፣ ስኩዊድ የሚባል፤ ነርቩ በዐይን እስኪታይ ድረስ ወፍራም ነው። በእሱ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ፤ በ1963 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕዋሱ ውጭ ሶዲየም በዝቷል፤ በውስጡ ፖታሲየም በዝቷል። ክሩ ሲቀሰቀስ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ይህ ጎርፍ የጎረቤቱን በር ያስከፍታል፤ ያኛውም የሚቀጥለውን። ከኋላ ደግሞ ፖታሲየም ወጥቶ ነገሩን ይመልሳል። አንድ ሺኛ ሴኮንድ ያህል የሚፈጅ ግርግር ነው። ሣር ላይ እንደሚሄድ እሳት ነው፤ ልዩነቱ ሣሩ ከኋላ ወዲያው መብቀሉ ነው።

ፈጣኖቹ ክሮች ማየሊን በሚባል ስብ ተጠቅልለዋል፤ መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሄዳል። ያልተጠቀለሉት በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ያዘግማሉ። ማስረጃው ቅርብ ነው። እንቅፋት ሲመታን በመጀመሪያ ስለት የመሰለው ሕመም ይመጣል፤ «እፎይ፣ አለፈ» ልንል ስንል ያኛው የሚያቃጥለው፣ የሚያስለቅሰው ይከተላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከጣት ተነሥተዋል። አንዱ በፈረስ፣ አንዱ በእግር መጡ።

ታዲያ መልእክቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ግርግር ከሆነ አንጎል ቀስታን ከኃይለኛ እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ አሶሳ ትርዳን። የበርታ ሕዝብ ዙምባራ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። አንድ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ከፍ ዝቅ ማድረግ የለም። ዜማው የሚፈጠረው ማን መቼ ነፋ፣ ስንት ጊዜ ነፋ በሚለው ነው። የነርቭ ክርም እንዲሁ ነው። ወይ ይነፋል ወይ ዝም ይላል፤ ግማሽ መንፋት የለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኤድጋር ኤድሪያን እንዳሳየው፣ ኃይለኛ ንክኪ ክሩን ቶሎ ቶሎ ያስነፋዋል እንጂ ድምፁን አያጎላውም።

አንድ ነገር ቀረን። ክሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ጣሊያናዊው ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1873 የነርቭ ሕዋስን በብር ቀለም አጥቁሮ ማሳየት ቻለ፤ እሱ ግን ሁሉም ክር እርስ በርሱ የተጋጠመ መረብ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስፔናዊው ካካል በዚያው ቀለም ከ1888 ጀምሮ እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው የቆመ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማቱን ለሁለት ተካፈሉ፤ አሳባቸው ግን እንደተለያየ ቀረ። እውነቱ ከካካል ጋር ነበር። በሕዋስና በሕዋስ መካከል ክፍተት አለ። መልእክቱ ክፍተቱ ዳር ሲደርስ የኬሚካል ጠብታ ይረጫል፤ ጠብታው ማዶ ያለውን ቁልፍ ቀዳዳ ያገኝና በሩን ይከፍታል። ኬሚካል የነርቭን ትእዛዝ እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ያረጋገጠው ኦቶ ሎዊ ነው። በአንጎል ውስጥ «ተነሥ፣ ሥራ» የሚለውን ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደርሰው ጠብታ ግሉታሜት ይባላል። ይህን ስም እንያዘው፤ ወደ ፎገራ የሚመልሰን እሱ ነውና።

ጓያ ክፉ እህል አይደለም። በክረምት ማብቂያ በዋልካ መሬት ላይ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ድርቅ ይችላል፤ ውሃ የተኛበትንም መሬት ይችላል። አፈሩን ያዳብራል፤ በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ሌላው እህል እጅ ሲሰጥ እሱ አይሰጥም። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ሲጠፋ እሱ ብቻ ይቀራል።

በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ለዩት፤ በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። ኦዳፕ መልኩ ግሉታሜትን ይመስላል። በሐሰት እንደተቀረጸ ቁልፍ ነው፤ በሩን ይከፍትና አይዘጋም። ሕዋሱ ያለ ዕረፍት ይቀሰቀሳል፤ ተቀስቅሶ ተቀስቅሶ ይሞታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ከአንጎል አናት ተነሥተው እስከ ወገብ የሚወርዱት ረጃጅም ክሮች ናቸው። እግር የሚያዙት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው መልእክተኛ ከነጡንቻው ደኅና ስለሆነ እግሩ አይልፈሰፈስም፤ እንዲያውም ልጓም እንደ ተበጠሰበት ፈረስ በራሱ ይደነብራል፣ ይገተራል። ለዚህ ነው የሽማግሌው እግር የሚደርቀው። የወጪው መንገድ ስላልተነካ ጉንዳኑን ያውቁታል፤ የእጅ ክሮች ከሞላ ጎደል ስለተረፉ ጫማ ይሰፋሉ፤ አእምሮ ስላልተነካም ከእኛ ይልቅ አሳምረው ይናገራሉ።

ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ የሚለዩት በዱላ ነው፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም በእጁ የሚድህ። የሞተው ሕዋስ አይመለስም፤ በሽታው መድኃኒት የለውም። መከላከያ ግን አለው። ሰው የሚታመመው ጓያ የምግቡን ሲሦ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለወራት ሲቀጥል ነው።

ይህ ዛሬ የተደረሰበት እንዳይመስለን። ሂፖክራጥስ በሚባሉት የግሪክ መጻሕፍት ውስጥ አይኖስ በምትባል ከተማ ጥራጥሬ ብቻ የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደከዳቸው ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1873፣ ጎልጂ ቀለሙን ባገኘበት ዓመት፣ ካንታኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ለበሽታው ላቲሪዝም የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 ማድሪድ ስትራብ፣ ዝነኛው ሠዓሊ ጎያ ረኀብተኞች ለዚሁ እህል ዱቄት ሲሻሙ ቀርጿል፤ ስሙን ስንሰማ ጎያ ጓያን ሣለ ብለን ተሳሳቅን። የሚቀጥለው ግን አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ43 ቫፕንያርካ በሚባል፣ በሮማንያ አስተዳደር ሥር በነበረ የእስር ካምፕ አይሁድ እስረኞች በየቀኑ ጓያ ይሰጣቸው ነበር። በመቶ የሚቆጠሩት ሽባ ሆኑ። በሽታውን የለየው ከእነሱው ጋር የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። እስረኞቹ መብላት አቆሙ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ተነሣ፤ አገር በቀል ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ዘግበውታል። ከቀደምት ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ፤ በሽታው በዚያ አገር እጅግ የተስፋፋ መሆኑን አሳየ። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በወሎ ደላንታ እንደገና ተነሣ። እዚያ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው የገበሬውን ማዕድ መረመሩ። ጓያን በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መብላት አደጋውን እንደሚያበዛ፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ግን እንደሚቀንሰው አገኙ።

ልብ በሉ! መርዙ የታወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ፎገራ ከዚያ በኋላ ነው። ደላንታም ከፎገራ በኋላ ነው። እውቀቱ ነበረ፤ ግን እንደ ሽማግሌው ትእዛዝ ከላይ ተነሥቶ እግር ዘንድ አልደረሰም።

የዚህን ተቃራኒ ያየነው አዲስ አበባ ነው። ከማንኩሽ ስንመለስ የሕክምና ተማሪው ጓደኛችን «ሁለተኛውን መንገድ ላሳያችሁ» አለንና ስለ ሥጋ ደዌ ነገረን። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚገባው ነርቭን ከሚጠቀልሉት ሕዋሳት ውስጥ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ለቆዳ የቀረቡትን ነርቮች፣ ያንን ክርን ላይ የሚነዝረንን ጭምር፣ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ስሜት ነው። በዚያ ጊዜ እጁ ገና ይታዘዛል፤ ግን አይሰማም። ሴትዮዋ የጋለ ድስት በባዶ እጇ ታወርዳለች፤ ቆዳዋ ሲቃጠል አታውቅም። ገበሬው ጫማው ውስጥ ሚስማር ይዞ ይውላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ጣት ያልቃል። ሰው ግን «በሽታው ጣት ይበላል» ይላል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ሕንድ አገር ሲሠራ እንዳሳየው ጣትን የሚበላው ሕመም አለመኖሩ ነው።

ባክቴሪያውን ያገኘው ኖርዌጂያዊው ሐንሰን ነው፤ ዓመቱ አሁንም 1873 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አገር ሐረር ላይ እ.ኤ.አ. በ1901 ለሕሙማኑ መጠለያ ተሠራ። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አለርት ተቋቋመ፤ ከአጠገቡም እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በሐንሰን ስም የተሰየመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው ጥምር መድኃኒት በወራት ውስጥ ባክቴሪያውን ያጠፋል። የዘር በሽታ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ይሁንና «የእነ እገሌ ዘር» ተብሎ ጋብቻ የተከለከለ ስንት ሰው አለ! ከነርቩ ቀድሞ ሰውን ከሰው ያያዘው ክር ይቆረጣል።

እንግዲህ ጓያ ትእዛዝን ያስቀራል፤ ሥጋ ደዌ አቤቱታን ያስቀራል። ሁለቱም የድሃ በሽታዎች ናቸው፤ ሁለቱም በአገራችን ለረጅም ዘመን እርግማን ተብለዋል። እኛ ተማሪዎች የአንጎልን ክፍሎች ለፈተና በቃላችን እናጠናለን፤ ማግስቱን እንረሳለን። ማንኩሽ ላይ ግን ያ ትምህርት ሰው ሆኖ በሁለት ዱላ ቆሞ አገኘነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ያ የግብፅ ሐኪም «አይታከምም» ብሎ ብዕሩን አኖረ። የእኛ ዘመን ያንን ብሎ ብዕር ማኖር አይፈቀድለትም፤ የማይታከመውን መከላከል ይቻላልና። ስንዴና ማሽላ በጊዜው ፎገራና ደላንታ ቢደርስ ኖሮ አንድም ቀዶ ሐኪም ሳያስፈልግ ስንት እግር ይተርፍ ነበር!

ከማንኩሽ ልንወጣ በዋዜማው ሽማግሌውን ልንሰናበት ሄድን። ጓደኛችን ከላይ የጻፍነውን ሁሉ፣ ከአንጎል አናት እስከ ወገብ፣ በዱላቸው አፈር ላይ እየሣለ አስረዳቸው። በጸጥታ ሰሙ። ሐሰተኛው ቁልፍ ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንፋሎቱ አይደለማ?» አሉ።

«አይደለም፣ አባባ። እንፋሎቱም አይደለም፤ እርግማንም አይደለም።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ከጓደኛችን እጅ ተቀበሉና ሥዕሉን ሳያበላሹ በጥንቃቄ ከጎኑ ተከሉት።

«ደግ ነው ልጆቼ። ይኼን እኔ አወቅሁት። ፎገራ ላሉት የወንድሜ ልጆችስ ማን ነገራቸው?»

መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ መልስ አይሆንም፤ ጅምር ግን ይሁን። ከፎገራ፣ ከደምቢያና ከደላንታ የመጣህ ወንድማችን፣ የመጣሽ እኅታችን፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስትገቡ ይህን ገጽ ይዛችሁ ግቡ፤ ማታ እሳት ዳር አንብቡላቸው። «ይሰማኛል» የሚለውን አጥብቃችሁ፣ «አይሰማኝም» የሚለውን አላልታችሁ አንብቡ፤ እነሱ ይገባቸዋል።